«ኦርጅናል ነው» የተባለ የሉል ሐብል፦ ከመግዛትዎ በፊት ምኑን ይመልከቱ?

ጥያቄዎን እንደተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው። የሚኖሩት ዱባይ ነው፤ ለእናትዎ የሉል ሐብል ገዝተው ወደ አገር ቤት ለመላክ አስበው ዴይራ ወደሚገኘው የወርቅ ገበያ ሲሄዱ፣ በመልክ የሚመሳሰሉ፣ በዋጋ ግን እጅግ የሚራራቁ ሦስት ሐብሎች ቀረቡልዎት፤ የሦስቱም ሻጮች ዕቃቸው «ኦርጅናል» መሆኑን በእርግጠኝነት ነገሩዎት። አንደኛው እንዲያውም ላይተር አውጥቶ አንድ ሉል በእሳት አስነክቶ አሳየዎት። ጓደኛዎ በበኩሏ በጥርስ ፈትጎ መሞከር እንደሚበቃ መከረችዎት፤ እርሷ ራሷ ከባሕሬን የገዛችው ጉትቻም «የተፈጥሮ ሉል» ተብሎ የተሸጠላት በመሆኑ፣ ያንንም ቤት ውስጥ ማረጋገጥ ይቻል እንደሆነ አብረው ጠይቀዋል።

ሉል ሲገዛ መጠየቅ ያለባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው፤ አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰውም ሁለቱ ተደባልቀው እንደ አንድ ሲታዩ ነው። የመጀመሪያው «ይህ ሉል ነው ወይስ ተቀብቶ ሉል የመሰለ ዶቃ?» የሚለው ሲሆን፣ ይህን በዓይንዎ፣ በጣትዎና በአንዲት ትንሽ አጉሊ መነጽር እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆመው መመለስ ይችላሉ። ሁለተኛው «ሉልነቱስ እሺ፤ ግን ሰው ሳይነካው ባሕር ውስጥ ያደገ ነው ወይስ ሰው ያረባው?» የሚለው ነው። ይህን ግን እርስዎም፣ እኔም፣ ዕድሜውን ሙሉ ሉል ሲነግድ የኖረ ሰውም ያለ ኤክስሬይ «የተፈጥሮ ነው» ብለን በእርግጠኝነት ልንመልሰው አንችልም። ከፍተኛው የዋጋ ልዩነት ያለው በዚህ በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው፤ ስለዚህ በጥርስ ወይም በጣት ተሞክሮ ሉልነቱ የታወቀ ሐብል፣ በዚያው ማስረጃ «የተፈጥሮ ነው» ተብሎ በተፈጥሮ ሉል ዋጋ እንዳይሸጥልዎት አጥብቀው ይጠንቀቁ።

እንግዲህ ገበያ ላይ የሚያገኙት ዕቃ ከሦስቱ አንዱ ነው፦ የተፈጥሮ ሉል፣ የእርባታ ሉል፣ ወይም አስመስሎ የተሠራ። የተፈጥሮውና የእርባታው ሁለቱም እውነተኛ ሉሎች ናቸው፤ ሁለቱንም የሠራቸው በባሕር ወይም በወንዝና በሐይቅ ውስጥ የሚኖር፣ በሁለት ክዳን የሚዘጋ ዛጎል ያለው ለስላሳ እንስሳ ነው። ይህ እንስሳ የዛጎሉን የውስጥ ግድግዳ የሚለብጥበት፣ ናከር የሚባል አብረቅራቂ ሽፋን አለው። ናከር ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ፣ ውፍረታቸው ግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ የሆነ እጅግ ስስ ገበታዎች በፕሮቲን ማጣበቂያ እየተያያዙ በብዙ ሺህ የሚደራረቡበት ነገር ነው። ይህን ሽፋን የሚያመነጨው ሥጋ በጉዳት ወይም በጥገኛ ተውሳክ ምክንያት ወደ እንስሳው ሰውነት ውስጥ ዘልቆ ከገባ፣ እዚያ ከረጢት ሠርቶ ናከሩን በዙሪያው ሲደራርብ ይኖራል፤ ሉል የሚባለውም ይኸው ነው። በእርባታው ጊዜ የሰው ድርሻ ሥጋውን ቆርጦ፣ አንዳንዴም ከክብ ዶቃ ጋር አድርጎ፣ በእጁ መትከል ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚሠራው እንስሳው ራሱ ነው። ከዚህ በታች የምነግርዎት መለያ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ አሠራር ነው፤ ሉል የተደራረበ ክሪስታል ነው፣ አስመስሎ የተሠራው ግን ቅብ ነው።

የእርባታው ታሪክ የባሕረ ሰላጤውን አገሮች ታሪክ የለወጠ ስለሆነ ትንሽ ልበልበት። ጃፓናዊው ኮኪቺ ሚኪሞቶ እ.ኤ.አ. በ1893 ቶባ አጠገብ ከዛጎል ጋር የተጣበቀ ግማሽ ክብ ሉል ማርባት ቻለ፤ ሙሉ ክብ የሆነውን የማርባት ዘዴ ደግሞ እርሱና ሌሎች የአገሩ ሰዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ደረሱበት። ከዚያ በፊት የነበረውን ዋጋ ለመገመት አንድ ነገር ብቻ ያስቡ፦ እ.ኤ.አ. በ1917 የካርቲየር ጌጣጌጥ ቤት ኒውዮርክ አምስተኛው አቬኑ ላይ የሚገኘውን ሕንፃ ያገኘው፣ አንድ ሚሊዮን ዶላር የተገመተ ባለ ሁለት ረድፍ የተፈጥሮ ሉል ሐብል ከመቶ ዶላር ጋር ሰጥቶ በመለወጥ ነበር። የእርባታው ሉል የዓለምን ገበያ ሲያጥለቀልቅና እ.ኤ.አ. በ1929 የጀመረው የኢኮኖሚ ድቀት ሲጨመርበት፣ ከባሕሬን፣ ከኩዌትና ከዱባይ ወደቦች እየተነሡ በየዓመቱ በሞቃቱ ወራት ሉል ፍለጋ ይወጡ የነበሩ የጠላቂዎች ጀልባዎች ሥራ ፈቱ። እኛው ሰፈር ቀይ ባሕር ላይም፣ በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ጠላቂዎች ሉል ያወጡ፣ ምፅዋም ይሸጡ ነበር። ዛሬ በየሱቁ የሚታየው እውነተኛ ሉል ከሞላ ጎደል ሁሉም የእርባታ ነው። ይህ የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ የሚያሳፍረው የእርባታውን የተፈጥሮ ብሎ መሸጥ ነው።

አስመስሎ የሚሠራው ሉል መሠረቱ ዶቃ ነው። ዶቃው ፕላስቲክ፣ መስታወት ወይም ከዛጎል የተፈጨና የተሞረደ ሊሆን ይችላል፤ በላዩ ላይ የሚቀባው ቀለም ደግሞ ከጥንት ጀምሮ ከዓሣ ቅርፊት ከሚወጡ አብረቅራቂ ክሪስታሎች፣ በአሁኑ ጊዜ ደግሞ ከሌሎች ሰው ሠራሽ ማብረቅረቂያዎችም ይዘጋጃል። በዚህ ሥራ በጣም የታወቀችው የስፔን ደሴት ማዮርካ ናት፤ ማናኮር በሚባለው ከተማዋ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የመስታወት ዶቃ ደጋግሞ እየተነከረና እየተወለወለ፣ በሩቅ ሲያዩት ከእውነተኛው የማይለይ ጌጥ ሲሠራ ኖሯል። ምንነቱ ተነግሮ እስከተሸጠ ድረስ ነውር የሌለበት ዕቃ ነው። ችግር የሚፈጥረው «ማዮርካ ፐርል» ወይም «ሼል ፐርል» የሚለው መጠሪያ፣ አገሩን ወይም ዛጎሉን የሰማ ገዢ ከባሕር የወጣ ነገር እንዲመስለው ማድረጉ ነው። በተለይ «ሳውዝ ሲ ሼል ፐርል» የሚል ጽሑፍ ካዩ፣ ከዛጎል የተሠራ የተቀባ ዶቃ እንደሆነ ይወቁ፤ ከአውስትራሊያና ከኢንዶኔዥያ የሚመጣው ውዱ የሳውዝ ሲ ሉል ሌላ ነው።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። ሐብሉን ከቬልቬት ወይም ከጥቁር ጨርቅ ላይ አንሥተው ነጭ ጨርቅ ወይም ነጭ ወረቀት ላይ እንዲያነጥፉልዎት ይጠይቁ፤ ከተቻለም ከሱቁ ደማቅ መብራቶች ራቅ ብለው በር አካባቢ በቀን ብርሃን ይመልከቱት። በመጀመሪያ የሚፈልጉት ልዩነትን ነው። እያንዳንዱ ሉል በእንስሳው ሰውነት ውስጥ በራሱ ከረጢት ለብቻው ያደገ ነው፤ አምራቾች ቢያማርጡና ቢያዛምዱትም፣ አንዱ በጥቂቱ ሮዝማ፣ ሌላው አረንጓዴማ ወዝ ይኖረዋል፤ አንዱ ላይ ነጥብ፣ ሌላው ላይ ቀጭን ስርጉድ ይታያል፤ ክብ የሚመስለው በጠፍጣፋ ነገር ላይ ሲንከባለል ወደ ጎን ይሸሻል። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ አንዳችም ልዩነት የሌለው፣ ፍጹም ክብና ፍጹም ንጹሕ የሆነ ረጅም ሐብል በርካሽ ዋጋ ከቀረበልዎት፣ ሌላ ፈተና ሳያስፈልግ ሊጠራጠሩት ይገባል። ሆኖም አንዳንድ የአስመሳይ ሉል ፋብሪካዎች ሆን ብለው ጉድለት እንደሚጨምሩ ይወቁ፤ ስለዚህ ጉድለት ስላዩ ብቻ አይመኑ።

ቀጥሎ ወዙን ይመልከቱ። በጥሩ ሉል ላይ የመብራቱ ነጸብራቅ ጠርዙ የለየለት ሆኖ ይታያል፤ በጣም ጥሩ ከሆነ የፊትዎን ቅርጽ ሳይቀር ያዩበታል፤ ብርሃኑም ከውስጥ የሚመጣ ይመስላል። የተቀባው ዶቃ ያብረቀርቃል፣ ነገር ግን የሚያብረቀርቀው ላዩ ብቻ ነው፤ ጥልቀት የለውም። ይህን ለማየት የለመደ ዓይን ስለሚፈልግ፣ ከመግዛትዎ በፊት የታወቀ ስም ያለው ወርቅ ቤት ገብተው ምንነቱ በጽሑፍ የተገለጸ የእርባታ ሐብል አስወጥተው ጥቂት ደቂቃ ቢያስተውሉት ብዙ ይጠቅምዎታል።

በእጅ ሲይዙት እውነተኛው ሉል በመጀመሪያ ይቀዘቅዛል፣ ከዚያ የሰውነትን ሙቀት ፈጥኖ ይወስዳል፤ ክብደትም አለው። ፕላስቲኩ ግን ሲነኩት የክፍሉ ሙቀት አለው፣ ሚዛኑም ቀላል ነው። ይህ መለያ ፕላስቲክን ብቻ ነው የሚያጋልጠው። መስታወት ሲነካ ይቀዘቅዛል፣ እንደ ሉልም ይከብዳል፤ ከዛጎል የተሞረደው ዶቃ ደግሞ ከሉል ጋር አንድ ዓይነት ማዕድን ስለሆነ በሚዛን ጨርሶ አይለይም። «ከባድ ስለሆነ እውነተኛ ነው» የሚል ሻጭ የነገረዎት ነገር ፕላስቲክ አለመሆኑን ብቻ ነው።

የጥርሱን ነገር በተመለከተ ጓደኛዎ የመከረችዎት ከእውነት የራቀ አይደለም። ሉልን ከላይኛው የፊት ጥርስ ጠርዝ ጋር ቀስ ብለው ቢያስነኩት ደቃቅ አሸዋ የነኩ ያህል ይሻክራል፤ የተቀባው ዶቃ ግን ያንሸራትታል። ምክንያቱ ቀደም ብዬ የገለጽኩት ነው፤ የናከሩ ስስ ገበታዎች ጠርዝ ለዓይን ባይታይም ለጥርስ ይታወቃል። ሆኖም እኔ ይህን ዘዴ አልመክርም። የጥርስ ገጽ ከሉል ይጠነክራልና ጠንከር አድርገው ከፈተጉት ይጭረዋል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ያለው ሰው በትክክል አይሰማውም፤ ብዙ ሰው በአፉ የሞከረውን ዕቃ ወደ አፍ ማስገባትም ለጤና አይበጅም። የተሻለው ዘዴ ከዚያው ሐብል ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሉሎችን በሁለቱ እጆችዎ ጣቶች ይዘው በቀስታ እርስ በርስ ማሻሸት ነው። እውነተኞች ከሆኑ መሻከሩ በጣትዎ ይሰማዎታል፤ በተሻሹበት ቦታ ላይም እንደ ዱቄት የላመ ጥቂት ነጭ ብናኝ ሊታይ ይችላል። ብናኙን በጣትዎ ሲጠርጉት ከሥሩ ያለው ገጽ እንደነበረ ሆኖ ይገኛል። የተቀቡ ከሆኑ ደግሞ ወይ ያለ ምንም መሻከር ይንሸራተታሉ፣ ወይ ቅቡ ተነሥቶ ከሥሩ ያለው የዶቃው ቀለም ይጋለጣል። ሻጩን አስፈቅደው ቢያደርጉት መልካም ነው፤ እውነተኛ ሉል ያለው ሻጭ በቀስታ መሻሸት ዕቃውን እንደማይጎዳው ያውቃል።

ከሁሉም መለያዎች አንዱን ብቻ እንድመርጥ ብገደድ የምመርጠው ቀዳዳውን ነው። ክሩ የሚያልፍበት ቀዳዳ የሉሉ ቆዳ የተከፈተበት ብቸኛ ቦታ ስለሆነ፣ ላዩ የሚደብቀውን እርሱ ይገልጣል። የሚያስፈልግዎት አንጥረኞች የሚጠቀሙባት፣ አሥር ጊዜ የምታጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር ናት። ሐብሉን ለጠጥ አድርገው ሁለት ሉሎችን ፈቀቅ ያድርጉና ብርሃኑን ወደ ቀዳዳው ያዙሩ። በእውነተኛው ሉል ላይ የቀዳዳው ጠርዝ ጥርት ያለ፣ ሹል፣ ልክ በመሰርሰሪያ የተቆረጠ ክብ ነው፤ ቀዳዳውም ጠባብ ነው፣ ሉል በክብደት የሚሸጥ በመሆኑ ሰርሳሪው ከሚፈለገው በላይ ማስፋት አይፈልግም። ጠርዙን አልፈው ወደ ውስጥ ሲመለከቱ፣ በመካከሉ ዶቃ ተተክሎበት ያደገ የእርባታ ሉል ከሆነ፣ የናከሩ ሽፋን አልቆ የውስጡ ዶቃ የሚጀምርበት ቀጭን መስመር ይታያል። ከመስመሩ እስከ ጠርዙ ያለው ርቀት የናከሩ ውፍረት ነው፤ ይህ ውፍረት ደግሞ ሐብሉ ስንት ዓመት ወዙን ጠብቆ እንደሚቆይ የሚወስን በመሆኑ፣ እግረ መንገድዎን ጥራቱንም ለኩ ማለት ነው።

በተቀባው ዶቃ ላይ የሚያዩት ሌላ ነው። ቅቡ በቀዳዳው ዙሪያ እንደ ቆየ የጥፍር ቀለም ተሰነጣጥቆና ተቀርፎ ይገኛል፤ ወይም ሲነከር ተጠራቅሞ ከንፈር የመሰለ እብጠት ሠርቶ ይደርቃል፤ ከቅቡ ሥር የመስታወቱ ጠርዝ ያንጸባርቃል፣ ፕላስቲክ ከሆነም ከመቅረጫው የተረፈ ስፌት የመሰለ መስመር ይታያል። ቀዳዳውም ብዙውን ጊዜ ሰፊ ነው። እዚያው እያሉ የሉሉን ገጽ በመነጽሩ ቢያዩት፣ እውነተኛው ለስላሳና የተያያዘ ሲሆን፣ የተቀባው የተረጨ ቀለም ያለ ያህል ነጠብጣብ የበዛበት ሆኖ ይታያል። አንድ ቀዳዳ አይተው አይመለሱ፤ ከሐብሉ መሐልም ከማያያዣው አጠገብም የተወሰኑትን ይመልከቱ። አዲስና በጥንቃቄ የተሠራ አስመሳይ ሉል አንዳንድ ቀዳዳው ንጹሕ ሊሆን ይችላልና። መነጽር እንዳይጠቀሙ የሚከለክል ሻጭ ዘንድ ግን አይግዙ።

ቀዳዳው ስለ ቀለምም ይናገራል። ጥቁር፣ ወርቅማ ወይም ደማቅ ሮዝ የሆነ ሉል ካቀረቡልዎት፣ ቀለሙ በቀዳዳው ጠርዝና በስንጥቅ ውስጥ ተጠራቅሞ እንደሆነ፣ ክሩንም አቅልሞት እንደሆነ ይመልከቱ፤ እንዲህ ከሆነ ሉሉ ተቀልሟል። ከፈረንሳይ ፖሊኔዥያ የሚመጣው የታሂቲ ሉል ጥቁረቱ ከእንስሳው የተገኘ ስለሆነ ውድ ነው፤ ተቀልሞ የጠቆረ የቻይና የወንዝ ሉልም እውነተኛ ሉል ነው፣ ዋጋው ግን ከታሂቲው ጋር አይገናኝም።

ስለ ላይተሩ የምለው አጭር ነው፤ ፈጽሞ አይፍቀዱ። እሳት ፕላስቲክን ያቀልጣል፣ ቅብንም ሊያጠቁር ይችላል፤ ነገር ግን ናከር ውስጥ ያለው የፕሮቲን ማጣበቂያና እርጥበት በሙቀት ስለሚጎዳ እውነተኛውም ሉል ሊሰነጠቅና ወዙን ሊያጣ ይችላል። ከዚህም በላይ ሻጩ ያቃጠለው ሉል እርስዎ ሊገዙት ካለው ሐብል ላይ ያለ ነበር ወይስ ከኪሱ ያወጣው? ከኪሱ ያወጣው ከሆነ ያ ማሳያ ስለ ሐብሉ የሚነግርዎት አንዳችም ነገር የለም። አንዳንዶች ሉል በኮምጣጤ፣ በሎሚ ወይም በጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይፈተን ይላሉ። ኮምጣጤና ሎሚ አሲድ ናቸው፤ እውነተኛውን ሉል ይበሉታል፤ ማስለቀቂያው ደግሞ ቅቡን ገፎ አስመሳዩን ቢያጋልጥም ለእውነተኛው ሉልም ለክሩም አይስማማም። በምርመራው ዕቃው የሚበላሽ ከሆነ የምርመራው ጥቅም ምንድን ነው?

ሌሎች በገበያ የሚሰሙ «ማስረጃዎች» ደግሞ አሉ። በየሉሉ መካከል ክሩ መቋጠሩ፣ ማያያዣው 18 ካራት ወርቅ መሆኑ ወይም 925 የሚል የብር ማኅተም መያዙ ጥሩ ምልክት ቢሆንም፣ ማኅተሙ የሚመሰክረው ስለ ብረቱ እንጂ ስለ ሉሉ አይደለም። አስመሳዮችም ክር ይቋጥራሉ፣ የወርቅ ማያያዣም ይገዛሉ።

ሉልነቱን ካረጋገጡ በኋላ የትኛው ዓይነት የእርባታ ሉል እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ያዩዋቸው ሦስት ሐብሎች ዋጋ የተራራቀበት ምክንያት ይህም ሊሆን ይችላል። በብዛት የሚገኘውና በዋጋም የሚቀርበው የቻይና የወንዝና የሐይቅ ሉል ነው፤ ዋና ገበያው ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ያለችው ዡጂ ናት። አንድ እንስሳ በአንድ ጊዜ ብዙ ሉል ያወጣል፤ አብዛኛው ደግሞ በመሐሉ ዶቃ ሳይተከል በሥጋ ቁራጭ ብቻ የሚያድግ ስለሆነ ከዳር እስከ ዳር ናከር ነው። በዚህ ምክንያት ለዘወትር አገልግሎት ጠንካራ ነው፤ እኔ ለስጦታ ከምመርጣቸው አንዱ ነው። የጃፓኑ አኮያ በክብነቱና እንደ መስታወት በጠራ ነጸብራቁ ይታወቃል፣ በአብዛኛው ከ9 ሚሊ ሜትር አይበልጥም፤ ነገር ግን ቶሎ ከባሕር የወጣ ከሆነ ናከሩ ስስ ይሆናል። ይህን ለመለየት ሐብሉን በብርሃን ሥር ቀስ ብለው ያሽከርክሩት፤ የውስጡ ዶቃ ንብርብር በስሱ ናከር ውስጥ አልፎ ብልጭ ድርግም እያለ የሚታይ ከሆነ አይግዙት፣ ሽፋኑ በጥቂት ዓመታት ሊያልቅ ይችላል። ትልልቆቹ የሳውዝ ሲ ሉሎች ከ9 ወይም ከ10 ሚሊ ሜትር ይጀምራሉ፤ ዋጋቸውም እንደዚያው ይጨምራል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ እንመለስ። በመሐሉ ዶቃ የተተከለበት ሉል በኤክስሬይ ሲታይ ዶቃው ክብ ሆኖ ይለያል፤ የተፈጥሮው ግን ከመሐል ጀምሮ የእድገት ቀለበቶች ይታዩበታል። ዶቃ ሳይተከልበት በሥጋ ቁራጭ ብቻ ያደገውን ከተፈጥሮው ለመለየት ደግሞ ተራው ኤክስሬይ ስለማይበቃ ላቦራቶሪዎች እንደ ሆስፒታሉ ሲቲ ስካን ያለ መሣሪያ ይጠቀማሉ፤ የወንዙን ከባሕሩ ለመለየትም በውስጡ ያለውን የማንጋኒዝ መጠን ይለካሉ። ይህን የሚሠሩት እንደ አሜሪካው ጂአይኤ፣ እንደ ስዊዘርላንዱ ኤስኤስኢኤፍና ጉቤሊን፣ በባሕረ ሰላጤው ደግሞ እንደ ባሕሬኑ ዳናት ያሉ ተቋማት ናቸው። የተፈጥሮ ሉል ዋጋ የት ድረስ እንደሚወጣ ለማሳየት፣ የፈረንሳይ ንግሥት የነበረችው ማሪ አንቷኔት ያደረገችው ባለ አልማዝ የሉል ጌጥ እ.ኤ.አ. በ2018 ጄኔቫ ላይ በሶዝቢስ ጨረታ ከ36 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ታሪኩ ዋጋውን ቢያንረውም፣ ስመ ጥር ያልሆነ የተፈጥሮ ሉል ሐብልም በእርባታው ዋጋ እንደማይገኝ ከዚህ ይረዳሉ። ስለዚህ «የተፈጥሮ ነው» የሚል ቃል ያለ ላቦራቶሪ ወረቀት ከተነገረዎት፣ ሻጩ በቅን ልቡና ቢናገርም እንኳ የእርባታ እንደሆነ ቆጥረው ይክፈሉ። ወረቀቱን ሲቀበሉም ፎቶግራፉ፣ የሉሎቹ ብዛት፣ መጠናቸውና ክብደታቸው በእጅዎ ካለው ሐብል ጋር መግጠሙን ያስተያዩ፤ የወረቀቱንም ቁጥር ከተቋሙ ጋር ያጣሩ። ሱቁ ራሱ አትሞ የሚሰጠው ካርድ የላቦራቶሪ ወረቀት አይደለም።

የጓደኛዎ ጉትቻ ከባሕሬን መገዛቱ ትርጉም ያለው ነገር ነው። ባሕሬን የእርባታ ሉል ንግድን ከልክላ የተፈጥሮውን ብቻ ስትጠብቅ የኖረች አገር ናት፤ ሙሐረቅ ውስጥ ያለው የጥንቱ የሉል ነጋዴዎች ሰፈርና የሉል መገኛ ባሕሮቿ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ነገር ግን የአገሩ ሕግ የእያንዳንዱን ጉትቻ ምንነት አይመሰክርም፤ ክልከላው ባለበት አገርም አስመስሎ የተሠራ ጌጥ ይሸጣል። በጉትቻና በቀለበት ላይ ያለው ተጨማሪ ችግር፣ ሉሉ እስከ ግማሹ ብቻ ተሰርስሮ በብረት ላይ በማጣበቂያ ስለሚቀመጥ ቀዳዳው አለመታየቱ ነው። እንዲህ ሲሆን በአጉሊ መነጽሩ ሉሉ ከብረቱ ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያ ይመልከቱ፤ ቅብ ከሆነ የሚቀረፈው መጀመሪያ እዚያ ነው። ጥንዶቹንም በቀስታ እርስ በርስ ማሻሸት ይቻላል። ይህን ካለፈ ሉል ነው ማለት ነው፤ የተፈጥሮ መሆኑን ግን ቤት ውስጥ ማረጋገጥ አይቻልም። የከፈለችው ገንዘብ ከፍ ያለ ከሆነ ሻጩን የዳናት ወረቀት ትጠይቅ፤ ከሌለው በራሷ ወጪ ማስመርመሩ ያዋጣ እንደሆነ ከጉትቻው ዋጋ ጋር ታመዛዝን።

ለእናትዎ የሚገዙትን በተመለከተ የእኔ ምክር፣ ናከሩ ወፍራም የሆነ፣ ወዙ የጠራ የእርባታ የወንዝ ሉል ወይም አቅም ካለ ጥሩ አኮያ እንዲመርጡ ነው። ሻጩን «ኦርጅናል ነው ወይ?» ብለው አይጠይቁት፤ «ጠቢዒ ነው፣ ሙስተዝረዕ ነው ወይስ ተቅሊድ?» ብለው ከሦስቱ አንዱን እንዲመርጥ ያድርጉት፤ እነዚህ በአረብኛው ገበያ የተፈጥሮ፣ የእርባታና አስመስሎ የተሠራ ማለት ናቸው። መልሱንም በደረሰኙ ላይ ያስጽፉ፦ በእንግሊዝኛ ከሆነ «ናቹራል ፐርል» ወይም «ካልቸርድ ፐርል» የሚል፣ ዓይነቱና መጠኑ በሚሊ ሜትር ጭምር። «ፐርል» ብቻ ብሎ መጻፍ አይበቃም፤ በአሜሪካ የንግድ ደንብ እንኳ የእርባታው «ካልቸርድ» የሚል ቃል ሳይቀድመው፣ አስመስሎ የተሠራውም አስመሳይነቱ ሳይገለጽ እንዲሁ «ፐርል» ተብሎ መሸጥ የለበትም። በላቦራቶሪ የተለየ ነገር ከተገኘ ገንዘቡ የሚመለስበት የቀን ገደብም ደረሰኙ ላይ ይስፈር። በቃል ኦርጅናል ያለውን በጽሑፍ ለማስፈር ያመነታ ሻጭ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ሐብሉን ሲልኩ ከሌላ ጌጥ ጋር እንዳይጋጭ ለብቻው በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለው ይላኩት፤ ወርቅና አልማዝ ሉልን ይጭሩታል። ለእናትዎም ሽቶና ቅባት ከተቀቡ በኋላ መጨረሻ ላይ እንዲያጠልቁት፣ ሲያወልቁ በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ እንዲጠርጉት፣ በሎሚ ወይም በሳሙና እንዳያጥቡት ይንገሯቸው። ክሩ መላላት ሲጀምር በየሉሉ መካከል እየቋጠረ የሚያስር አንጥረኛ ዘንድ ይቀየር፤ ቋጠሮ ካለው ክሩ ቢበጠስ የሚወድቀው አንድ ሉል ብቻ ነው።